ጥንቃቄው ራሱ ማስታወቂያ ነው
ሞዴል ሮኬትን በርችት ሰሞን ለሕዝብ ለማስተዋወቅ ለሚሠሩ ሁሉ

አሜሪካ ውስጥ ጁላይ 4 ሲቃረብ በብዙ ግዛቶች የመንገድ ዳር የርችት ድንኳኖች ይተከላሉ። ልጆች ወደ ሰማይ የሚወጣ ነገር ካልገዛችሁልን ይላሉ፤ ወላጆች ደግሞ የተቃጠለ ጣትና የተጎዳ ዓይን ነው የሚታያቸው። ልጁም ወላጁም እውነት አላቸው። ልጁ ሰማዩን ፈልጓል፤ ወላጁ ልጁን ነው የፈለገው። ሞዴል ሮኬትን ለሕዝብ ለማስተዋወቅ ኃላፊነት የወሰደ ሰው፣ የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛም ይሁን መምህር፣ የወጣቶች ፕሮግራም አስተባባሪም ይሁን የሆቢ ሱቅ ባለቤት፣ በዓመት ውስጥ ከዚህ የተሻለ ጊዜ አያገኝም። ሥራው በቀላሉ የሚበላሽበትም ጊዜ ይኸው ነው፤ በዚህ ሰሞን የሚደርስ አንድ አደጋ የክለቡንም የሜዳውንም በር ለዓመታት ሊዘጋ ይችላል።

ምክሬ ባጭሩ ይህ ነው፦ ከርችት ጋር በድምቀት አይፎካከሩ፣ በሥርዓት ይለዩ። የደህንነቱን ደንብ በትንንሽ ፊደል ከማስታወቂያው ግርጌ አይጻፉት፤ ዋናው ትርዒት ያድርጉት። ልጁን የሚስበው መወንጨፉ ነው፤ ወላጁን የሚያሳምነው ግን ከመወንጨፉ በፊት የሚያየው ዝግጅት ነው።

ነገርን ከሥሩ

ሞዴል ሮኬት የርችት ዘመድ መሆኑን አይደብቁ። ታሪኩን በትክክል ከተናገሩት የሚረዳዎት እሱ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1954 በነብራስካ ግዛት፣ ኖርፎክ በምትባል ከተማ፣ ኦርቪል ካርላይል የሚባል የጫማ ሱቅ ባለቤት ይኖር ነበር። ርችት የሚወድ፣ አሠራሩንም ጠንቅቆ የሚያውቅ ሰው ነበር። ወንድሙ ሮበርት ደግሞ የሞዴል አውሮፕላን ሰው ነው፤ ሮኬት እንዴት እንደሚሠራ ለሰው ለማሳየት የሚረዳው ነገር ይፈልግ ነበር። ወንድማማቾቹ ከወረቀት የተሠራ፣ በትንሽ የባሩድ ሞተር የሚወጣ፣ በፓራሹት የሚወርድና ሞተሩ ተቀይሮለት እንደገና የሚወነጨፍ ሮኬት ሠሩ።

በ1957 መጀመሪያ ላይ በኒው ሜክሲኮ በኋይት ሳንድስ የሮኬት ጣቢያ የሠራው ሃሪ ስታይን ስለ ሮኬት ሥራ ጥንቃቄ በአንድ ታዋቂ መጽሔት ጽፎ ነበር። ካርላይል ጽሑፉን አንብቦ ሮኬቶቹን ላከለት። በዚያው ዓመት ኦክቶበር 4 ሶቭየት ኅብረት ስፑትኒክን ስታመጥቅ የአሜሪካ ወጣቶች በሮኬት ፍቅር ተነደፉ። ብዙዎቹ በብረት ቱቦ ውስጥ ኬሚካል እየጠቀጠቁ በየጓሯቸው መሞከር ያዙ፤ የተጎዳም የሞተም ነበር። ስታይን የካርላይል ወንድማማቾች ፈጠራ ለዚህ ችግር መፍትሔ እንደሚሆን ተረዳ። ሞዴሉ ለገበያ ቀረበ፤ ዛሬ ናሽናል አሶሲዬሽን ኦፍ ሮኬትሪ የሚባለው ማኅበርም በዚያው ዓመት ተጠነሰሰ፤ የደህንነት ደንብም ወጣ። ከዚያ ኮሎራዶ ውስጥ ከርችት ሠሪ ቤተሰብ የወጣው ቨርን ኤስተስ ሞተሮቹን በብዛትና በእኩል ጥራት የሚሠራ ማሽን ሠራ፤ ማሽኑን ሜብል ብለው ሰየሙት።

ይህን ታሪክ ለወላጅ ሲያወሩ የሚያርፉበት ነጥብ አንድ ነው። እነዚህ ሰዎች ባሩዱን ከልጁ እጅ አውጥተው ለፋብሪካ ሰጡት፤ ለልጁ ንድፉን፣ ሙጫውን፣ ስሌቱንና ትዕግሥቱን ተዉለት። ሞዴል ሮኬት ለሕዝብ የቀረበው ልጆችን ከአደገኛ ሙከራ ለማዳን ነው። ከዚህ የሚበልጥ ማስተዋወቂያ አይፈልጉ።

ልዩነቱን በአንድ ደቂቃ ማስረዳት

መንገደኛ ቆሞ የሚሰማዎት ቢበዛ አንድ ደቂቃ ነው። ስለዚህ ከጓደኞችዎ ጋር አስቀድመው የሚለማመዱት አጭር ማብራሪያ ይኑርዎት። አራት ነጥብ ይበቃዋል።

አንደኛ፣ በክብሪት አይለኮስም። መለኮሻው ኤሌክትሪክ ነው፤ የሚያስወነጭፈው ሰው ሽቦውን ይዞ ርቆ ይቆማል፣ የደህንነት ቁልፉን ይሰካል፣ ቆጥሮ አዝራሩን ይጫናል። ደንቡ እስከ ዲ ድረስ ላሉ ሞተሮች (የፊደሎቹን ትርጉም ከታች ያገኙታል) ቢያንስ 15 ጫማ፣ ማለትም አምስት ሜትር ገደማ፣ ከዚያ ለሚበልጡት ቢያንስ 30 ጫማ መራቅን ያዛል። ይህ ዝቅተኛው ነው፤ ለሕዝብ ትርዒት ሲሆን የተመልካቹን መስመር ከዚህ በጣም አርቀው ያስምሩ።

ሁለተኛ፣ ሞተሩ በፋብሪካ የተሠራና በታወቀ ተቋም ተፈትኖ የተረጋገጠ ነው። የወረቀት ቀፎ አለው፤ ከታች የሸክላ መውጫ ቀዳዳ፣ ከዚያ የሚገፋው ባሩድ፣ ከዚያ ቀስ ብሎ የሚነድ የማዘግያ ክፍል፣ ከላይ ደግሞ ፓራሹቱን የሚገፋ ትንሽ ክፍል። ማንም አይከፍተውም፣ አይቀምመውም፣ አይጨምርበትም።

ሦስተኛ፣ አካሉ ወረቀት፣ ቀላል እንጨትና ፕላስቲክ ነው። አፍንጫው፣ ቱቦውና ክንፎቹ ከብረት አይሠሩም።

አራተኛ፣ ተመልሶ ይወርዳል። እንደ ክብደቱና እንደ ሞተሩ አንድ መቶም ሦስት መቶም ሜትር ወጥቶ፣ ፓራሹቱን ዘርግቶ ይመለሳል። ልጁ ሮጦ ያነሣዋል፣ ሞተሩን ይቀይራል፣ ደግሞ ያስወነጭፈዋል። ርችት በሰከንዶች ውስጥ ያልቃል፤ ሮኬቱ ግን በልጁ እጅ ይቆያል።

የሞተሩን ቁጥር ማንበብ ካስተማሩት ልጁ ወዲያው ሥራ ውስጥ ይገባል። ሲ6-5 የተባለውን ይውሰዱ። ፊደሉ የጠቅላላ ግፊቱን መጠን ይናገራል፤ ከአንዱ ፊደል ወደ ቀጣዩ ሲሄዱ የላይኛው ወሰን እጥፍ ይሆናል፦ ኤ እስከ 2.5 ኒውተን-ሰከንድ፣ ቢ እስከ 5፣ ሲ እስከ 10። 6 የሚለው አማካይ ግፊቱ ነው፣ በኒውተን። 5 ደግሞ ግፊቱ ካለቀ በኋላ ፓራሹቱ እስኪወጣ የሚቆየው ሰከንድ ነው። የአሥር ዓመት ልጅ ይህን በአንድ ጊዜ ይይዘዋል፤ ለእናቱ መልሶ ሲያስረዳ ሲሰሙ ሥራዎ ግማሹ ተጠናቀቀ ማለት ነው።

ስለ ርችት ክፉ አያውሩ። ጎረቤትዎ በዓሉን በርችት ያከብራል፤ ብዙ ሰው በልጅነቱ በቡሄ ጅራፍ ያጮኸ፣ በእንቁጣጣሽ ርችት ያየ ነው። እውነቱን መናገር ግን ይገባል። ወላጆች ምንም አይደለም ብለው ለሕፃን የሚያስይዙት የእጅ ብልጭታ እንኳ ወደ 2,000 ዲግሪ ፋረንሃይት ገደማ፣ ማለትም 1,100 ዲግሪ ሴልሺየስ ያህል ይግላል። ይህን ያለ ማስፈራራት ይንገሩ፤ ከዚያ ልጁ እሳት ሳይይዝ ሰማዩን የሚያገኝበት መንገድ እንዳለ ያሳዩ።

ጊዜውን ይምረጡ

በጁላይ 4 ምሽት ሮኬት አያስወንጭፉ። ጨለማ ነው፣ ሕዝቡ ተጨናንቋል፣ የማን ምን እንደወደቀ አይለይም፤ አንድ ሣር ቢቃጠል ተጠያቂው ማን እንደሆነ ማስረዳት አይቻልም። በርችት ሰሞን ያስተዋውቁ፤ ማስወንጨፉን ከርችቱ ቀን ያርቁት።

እኔ የምመክረው የጊዜ ሰሌዳ ይህን ይመስላል። በጁን አጋማሽ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት የክረምት ንባብ ፕሮግራማቸውን ሲጀምሩ አንድ የገለጻና የመሥሪያ ሰዓት ያስይዙ፤ ለልጆች የሚሆን አስተማሪ ዝግጅት ይፈልጋሉና በደስታ ይቀበሉዎታል። በበዓሉ ሳምንት ጠረጴዛ ያውጡ፣ ሮኬቶቹን ያሳዩ፣ ስም ይመዝግቡ። ማስወንጨፉን ደግሞ ለጁላይ 20 ቅርብ ለሆነው ቅዳሜ ጠዋት ይቅጠሩ። አፖሎ 11 ጨረቃ ላይ ያረፈው እ.ኤ.አ. ጁላይ 20 ቀን 1969 ነው። ከበዓሉ በኋላ ያሉት ሁለት ሳምንታት ልጁ ሮኬቱን ሠርቶ፣ ቀብቶ፣ አድርቆ ለመጨረስ ይበቁታል፤ ለአካባቢ ጋዜጣና ለማኅበረሰብ ሬዲዮም ቀኑ ራሱ ዜና ነው።

ጠዋት ያልኩት ያለ ምክንያት አይደለም። በክረምት ከሰዓት በኋላ ንፋሱ ይበረታል፣ ሙቀቱ ሕፃናትን ያደክማል፣ ነጎድጓድም ይመጣል። ደንቡ ንፋሱ በሰዓት ከ20 ማይል ከበለጠ ማስወንጨፍን ይከለክላል፤ ከሕዝብ ጋር ሲሆን ግን ከዚያ በጣም ባነሰ ንፋስም ያቁሙ። ፓራሹት ተዘርግቶ ሮኬቱ ከሜዳው ውጪ ሲወሰድ ማየት ለጀማሪ ልጅ ተስፋ ያስቆርጣል።

ቦታና ፈቃድ

ማስታወቂያ ከመለጠፍዎ በፊት ሦስት በሮች ያንኳኩ።

የመጀመሪያው የሜዳው ባለቤት ነው፤ ትምህርት ቤት፣ የመናፈሻ አስተዳደር ወይም ገበሬ ሊሆን ይችላል። ፈቃዱን በጽሑፍ ይያዙ። የሜዳው ስፋት በሞተሩ ይወሰናል። በማኅበሩ ደንብ መሠረት ለኤ ሞተር ጠባቡ ጎን ቢያንስ 100 ጫማ፣ ለቢ 200፣ ለሲ 400፣ ለዲ 500 ጫማ መሆን አለበት። የእግር ኳስ ሜዳ ካለዎት በኤና በቢ ይወሰኑ። ዝቅ ብሎ የሚወጣ ሮኬት ለሕዝብ የተሻለ ነው፤ ሲወጣም ሲወርድም ልጁ ከዓይኑ አይጠፋበትም።

ሁለተኛው የእሳት አደጋ መከላከያ ቢሮ ነው። ርችትን በተመለከተ የግዛቶቹ ሕግ በጣም ይለያያል። ማሳቹሴትስ ተራ ሰው የሚጠቀምባቸውን ርችቶች ሁሉ ከልክላለች፤ ሌሎች ግዛቶች ብዙውን ይፈቅዳሉ። የሞዴል ሮኬት ደንብም ከቦታ ቦታ ይለያያል፤ ለምሳሌ ካሊፎርኒያ ውስጥ የእሳት አደጋ ባለሥልጣናትን ይሁንታ ማግኘት ያስፈልጋል። በድርቅ ሰሞን የእሳት ክልከላ ከታወጀ ያለ ክርክር ይሰርዙት። ቢሮውን የሚያነጋግሩት ለፈቃድ ብቻ አይደለም፤ አንድ የእሳት አደጋ ሠራተኛ መጥቶ ለልጆቹ ስለ ርችት ጥንቃቄ አሥር ደቂቃ ቢናገር ዝግጅትዎ በወላጆች ዘንድ ክብር ያገኛል።

ሦስተኛው ሰማዩ ነው። በፌዴራል የአቪዬሽን ደንብ እስከ 125 ግራም ነዳጅ የያዘና በጠቅላላው ከ1,500 ግራም የማይበልጥ፣ ከወረቀት፣ ከእንጨት ወይም ተሰባሪ ከሆነ ፕላስቲክ የተሠራ ሮኬት በአብዛኛው ቦታ የተለየ ፈቃድ አያስፈልገውም፤ አውሮፕላንን ለአደጋ ማጋለጥ ግን የትም የተከለከለ ነው። የዋሽንግተን አካባቢ ነዋሪዎች ይህን በጥብቅ ያስተውሉ። በዋና ከተማዋ ዙሪያ ያለው የተገደበ የበረራ ክልል ሞዴል ሮኬትንም ይከለክላል። ሲልቨር ስፕሪንግም አሌክሳንድሪያም በዚህ ክልል ውስጥ ናቸው። ብዙ ኢትዮጵያውያን ወገኖቻችን የሚኖሩት እዚያ ነውና በሠፈር መናፈሻ ቀጠሮ አይያዙ፤ የተፈቀደ ሜዳ ካለው የሮኬት ክለብ ጋር ይነጋገሩና ልጆቹን ወደዚያ ይውሰዱ። ክለቦቹ ልምዱም፣ መሣሪያውም፣ በማኅበሩ በኩል የሚገኝ የተጠያቂነት መድንም ስላላቸው ለጀማሪ አዘጋጅ ትልቅ ድጋፍ ናቸው።

ወገን የሚሰበሰብበት ሳምንት

ለኢትዮጵያውያን ማኅበረሰብ የሚሠሩ ሰዎች በዚህ ሰሞን ሌላው የሌለው ዕድል አላቸው። እ.ኤ.አ. በ1984 የተመሠረተው በሰሜን አሜሪካ የኢትዮጵያውያን ስፖርት ፌዴሬሽን ዓመታዊ የእግር ኳስና የባህል ዝግጅቱን በተለያዩ ከተሞች የሚያካሂደው በጁላይ 4 ሳምንት አካባቢ ነው። አባቶች ኳስ ያያሉ፣ እናቶች ከዓመታት በፊት የተለዩአቸውን ጓደኞች ያገኛሉ፣ ጎረምሶች ከወዲያ ወዲህ ይላሉ፤ ከስድስት እስከ አሥራ ሁለት ዓመት ያሉት ልጆች ደግሞ የሚይዙት ነገር ይፈልጋሉ። የርስዎ ጠረጴዛ ለእነሱ ነው።

ጠረጴዛ ለማውጣት አዘጋጆቹን ቀድመው ያስፈቅዱ። ስታዲየም አካባቢ ምንም ባሩድ ያለበት ነገር አይያዙ። እዚያ የሚያስፈልግዎት ያለቁ ሮኬቶች፣ ለሁለት ተሰንጥቆ ውስጡ የሚታይ ባዶ የሞተር ቀፎ፣ የማስወንጨፊያ ዘንግ፣ ወረቀት፣ መቀስና ፕላስተር ነው። ልጆቹ በእግር ተረግጦ በአየር ግፊት የሚወጣ የወረቀት ሮኬት በአሥር ደቂቃ ሠርተው፣ ፈቃድ ባገኙበት ጥግ ይሞክሩት። እሳት የለም፣ ድምፅ የለም፤ ክንፉ የተጣመመ ሮኬት ለምን እንደሚዞር ግን ልጁ በዓይኑ ያያል። ጠረጴዛው ላይ አማርኛም እንግሊዝኛም የሚናገር ሰው ያስቀምጡ። ልጁ በእንግሊዝኛ ይጠይቃል፤ አያቱ በአማርኛ ትጠይቃለች፤ የቤተሰቡ ውሳኔ ደግሞ ብዙ ጊዜ የአያትየዋ ነው።

በአውሮፕላን ለሚጓዙ አንድ ማስጠንቀቂያ አለ። የሞዴል ሮኬት ሞተር በመንገደኛ አውሮፕላን ላይ በሻንጣም በእጅም መያዝ ክልክል ነው። ወደ ዝግጅቱ ከተማም ሆነ ለስጦታ ወደ አዲስ አበባ ሞተር ይዤ እሄዳለሁ ብለው አያስቡ፤ ለደንበኛም ይህን ሳይነግሩ አይሽጡ።

ማስታወቂያው ምን ይበል?

የነበልባል ሥዕል አያስቀምጡበት። በፓራሹት የሚወርድ ሮኬትና ሊይዘው የሚሮጥ ልጅ ያስቀምጡ። «ተኩስ» እና «ፍንዳታ» የሚሉ ቃላት አይግቡ። ከማኅበረሰባችን ጦርነት አይተው የመጡ ሰዎች አሉ፤ የአሜሪካ የቀድሞ ወታደሮችም በርችት ሰሞን የሚጨነቁ አሉ። ሞዴል ሮኬት ከርችት ጋር ሲነጻጸር ድምፁ አጭር ፉጨት ብቻ ነው፤ እንዲያም ሆኖ ቀኑንና ሰዓቱን ለአካባቢው ነዋሪ አስቀድሞ መንገር ጨዋነት ነው።

ጥሩ ማስታወቂያ እንዲህ ሊል ይችላል፦ «ልጅዎ በገዛ እጁ የሠራውን ሮኬት ያስወንጭፍ፣ መልሶም ይያዘው። ሞተሩን የሚጭነው አዋቂ ነው፤ ማስወንጨፉ በኤሌክትሪክ፣ በሰፊ ሜዳ፣ በደንብ ነው። ወላጅ ከልጁ ጋር ይገኛል።» የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር አይተዉ። ወላጅ የሌለበት የሕፃናት ስብስብ ለጥበቃ ከባድ ነው፤ ከልጁ ጋር የቆመ አባት ደግሞ ብዙ ጊዜ ከልጁ ቀድሞ አባል ይሆናል። የልጆችን ፎቶ ለማስታወቂያ ከመጠቀምዎ በፊት የወላጅን ፈቃድ በጽሑፍ ይቀበሉ።

የማስወንጨፊያው ቀን

ሥራውን ለሰው ያካፍሉ። አንድ ሰው የማስወንጨፊያው ኃላፊ ይሁን፤ የደህንነት ቁልፉን የሚይዘው እሱ ብቻ ይሁን፤ እሱ ካላለ ምንም አይወነጨፍ። ሌላው እያንዳንዱን ሮኬት ከመወንጨፉ በፊት ይመርምር፦ ክንፎቹ ጠብቀዋል? ሞተሩ ተይዟል? እሳት የማይዘው መከላከያ ወረቀት በፓራሹቱና በሞተሩ መካከል ገብቷል? ሦስተኛው ሰው ተመልካቹን ከመስመር ውጪ ይጠብቅ። አራተኛው ለሕዝቡ ያስረዳ። ውሃና የእሳት ማጥፊያ በግልጽ በሚታይ ቦታ ይቀመጡ።

የማስወንጨፊያው ዘንግ ከቀጥታው ከ30 ዲግሪ በላይ አይዘንብል። ከበታቹ ነበልባሉን የሚመልስ ሳህን ይኑር፤ ዙሪያው ከደረቅ ሣር ይጽዳ። ከዓይን ከፍታ በታች ለሚቀር የዘንግ ጫፍ መሸፈኛ ይደረግለት፤ ጎንበስ ብሎ ሽቦ ሲያገናኝ ዓይኑን የሚወጋ ሰው እንዳይኖር ነው።

ከዚያ ይህን ሁሉ ጮክ ብለው ይናገሩ። «አሁን ሰማዩን እናያለን፤ አውሮፕላን የለም። አሁን ሜዳውን እናያለን፤ ሰው የለም። ቁልፉ ገብቷል። አምስት፣ አራት፣ ሦስት…» ቆጠራውን ሕዝቡ ይቁጠር። ልጆች በአማርኛም በእንግሊዝኛም ሲቆጥሩ የሚፈጠረውን ደስታ ገንዘብ አይገዛውም። ሮኬቱ ሳይነሣ ከቀረ ደግሞ አይፈሩ። የደህንነት ቁልፉን ያውጡ፣ ደንቡ በሚለው መሠረት 60 ሰከንድ ይጠብቁ፣ ማንንም አያስጠጉ፤ ለምን እንደሚጠብቁም ለሕዝቡ ያስረዱ። ዝም ብለው ስልሳ ሰከንድ የሚጠብቁ አዋቂዎችን ያየ ወላጅ ልጁን አምኖ ይሰጥዎታል። ልጁም ያልነደደ ርችትን ቀርቦ ማንሣት ለምን አደገኛ እንደሆነ በዚያው ይማራል፤ በርችት ሰሞን ከዚህ የሚበልጥ ትምህርት የለም።

ሮኬቱ ዛፍ ላይ ወይም የኤሌክትሪክ ሽቦ ላይ ከተንጠለጠለ እዚያው ይቅር። ማንም አይውጣ፤ ልጁ ቢያለቅስም አይውጣ። ለዚህ አንድ ትርፍ ሮኬት በሳጥን ይዘው ይምጡ።

ወላጆች የሚጠይቁት

«ፈንድቶ ቢጎዳውስ?» የምትልዎት እናት ካጋጠመችዎት በትኅትና ይመልሱ፦ «እትዬ፣ ልጁ ባሩዱን አይነካም። ሞተሩን የምንጭነው እኛ ነን፤ እሱ ርቆ ቆሞ አዝራሩን ይጫናል። መጥተው ይዩት፤ ካልወደዱት ይዘውት ይሂዱ።» አደጋ የለም አይበሉ፤ አደጋው እንዴት እንደሚቀነስ ያሳዩ።

«ዋጋው ስንት ነው?» ለጀማሪ የሚሆን ኪት ከማስወንጨፊያው ጋር በጥቂት አሥር ዶላሮች ይገኛል፤ ሞተር ግን በየበረራው ይቀየራል። ይህን ሳይደብቁ ይንገሩ። አቅም ለሌለው ቤተሰብ ክለቡ ማስወንጨፊያውን በጋራ ይጠቀም፤ እያንዳንዱ ልጅ የራሱን ሮኬት ብቻ ይሥራ።

«ለትምህርቱ ምን ይጠቅመዋል?» ይህ የእኛ ወላጆች ትልቁ ጥያቄ ነው፤ መልስ ያለው ጥያቄም ነው። ልጁ ከማስወንጨፊያው መቶ ሜትር ርቆ ቆሞ፣ ሮኬቱ ከፍተኛው ነጥብ ላይ ሲደርስ የተመለከተበትን ማዕዘን ይለካ። ማዕዘኑ 45 ዲግሪ ከሆነ ሮኬቱ ከዓይኑ ከፍታ በላይ መቶ ሜትር ያህል ወጥቷል፤ ለሌላ ማዕዘን ታንጀንቱን በመቶ ያባዛል። ትሪጎኖሜትሪ ለምን እንደሚያስፈልግ መምህሩ ሳይነግረው ይገባዋል። ሮኬቱን በክር አስሮ ሲያዞረው የክብደቱ ማዕከል ከአየር ግፊቱ ማዕከል ፊት መሆን እንዳለበት ይማራል። ውጤቱን ሲመዘግብ የሳይንስ ማስታወሻ መያዝ ይለምዳል።

ከበዓሉ በኋላ

የብዙ ማስተዋወቂያ ድካም እዚህ ላይ ይፈስሳል። ስም የተመዘገበበት ወረቀት መሳቢያ ውስጥ ይገባና ሴፕቴምበር ይደርሳል። በማስወንጨፊያው ቀን ለመጣ ቤተሰብ ሁሉ በሳምንቱ ውስጥ ይደውሉለት፤ የሚቀጥለውን ቀን በወረቀት ይስጡት። ለትንንሾቹ ሌላ የመሥሪያ ቀን፣ ለትልልቆቹ ደግሞ ውድድር ያሳዩ። ከስድስተኛ እስከ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ያሉ ተማሪዎች የሚሳተፉበት የአሜሪካ የሮኬት ውድድር በየዓመቱ ይካሄዳል። ቡድኖቹ ሮኬት ቀርጸው ጥሬ እንቁላል ይጭኑበታል፤ ሮኬቱ የተወሰነ ከፍታ ደርሶ፣ በተወሰነ ሰዓት ወርዶ፣ እንቁላሉ ሳይሰበር መመለስ አለበት። ምርጥ 100 ቡድኖች በግንቦት ወር ቨርጂኒያ ውስጥ ዘ ፕሌይንስ በምትባል ቦታ ለፍጻሜ ይገናኛሉ። ከዋሽንግተን ብዙ አይርቅም። ቅዳሜና እሑድ ልጆች የሚሰበሰቡበት የማኅበረሰብ ማእከል፣ የቋንቋ ትምህርት ቤት ወይም የቤተ ክርስቲያንና የመስጊድ ወጣቶች ክፍል አንድ ቡድን ማቋቋም አያቅተውም።

ሞተር በማይገኝበት ወይም በማይፈቀድበት አገር የምትሠሩም አትተዉት። ኢትዮጵያ ውስጥ ያለ መምህር ለእንቁጣጣሽ ሰሞን የውሃ ሮኬት ማዘጋጀት ይችላል። ሁለት ሊትር የሚይዝ የለስላሳ ፕላስቲክ ጠርሙስ ሲሦውን ውሃ ሞልቶ፣ በቡሽ ዘግቶ፣ በብስክሌት ፓምፕ አየር ሞልቶ ከርቀት በገመድ መልቀቅ ነው። ከመስታወትና ከብረት የተሠራ ጠርሙስ አይጠቀሙ፤ የተሰነጠቀ ጠርሙስ ይጣል፤ ልጆቹ ወደ ኋላ ይራቁ። እሳት የለውም፣ የኒውተንን ሦስተኛ ሕግ ግን ለክፍሉ ሁሉ ያሳያል። የትምህርት ቤቱን አስተዳደርና የአካባቢውን ፖሊስ ማሳወቅ እዚያም ግዴታዎ ይሁን።

ስለዚህ በዚህ ዓመት የርችት ድንኳኖች ከመተከላቸው በፊት ሦስት ነገር ይጨርሱ፦ ለቤተ መጻሕፍቱ ይደውሉ፣ የእሳት አደጋ ቢሮውን ያነጋግሩ፣ የተፈቀደ ሜዳ ያለው ክለብ ይፈልጉ። ሌላው ሁሉ ከእነዚህ ይከተላል። ልጆቻችን ሰማዩን ይወዳሉ፤ በጥንቃቄና በዕውቀት እንዲደርሱበት የሚያስተምራቸው ሰው እርስዎ ይሁኑ።